ስለ አላይንመንት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ጠረጴዛ ከበው በወረቀት፣ በዳይስና በንግግር የሚጫወቱት ጨዋታ ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛል። አንዱ ደግሞ መሪ ሆኖ ዓለሙንም ጠላቶቹንም ዳኝነቱንም ይይዛል። በገጸ ባሕርዩ ወረቀት ላይ አላይንመንት የምትባል ጠባብ ቦታ አለች። እዚያ ሁለት ነገር ይሞላል፦ ገጸ ባሕርዩ ሥርዓተኛ፣ ገለልተኛ ወይም ልቅ መሆኑ፣ ቀጥሎም መልካም፣ ገለልተኛ ወይም ክፉ መሆኑ። ሦስት በሦስት ዘጠኝ ይሆናል። ቦታዋ ትንሽ ብትሆንም ጭቅጭቋ ብዙ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ አንዱ ተጫዋች የ1978ን ደንብ፣ ሌላው የ2014ን እያሰበ መሟገቱ ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

«ዘጠኙ ከመጀመሪያው ጀምሮ ነበሩ»

አልነበሩም። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ጨዋታውን በ1974 ሲያወጡ የነበሩት ሦስት ብቻ ናቸው፦ ሥርዓት፣ ገለልተኝነትና ትርምስ። ሐሳቡ የተወሰደው እንደ ፖል አንደርሰንና ማይክል ሙርኮክ ካሉ ደራስያን ሲሆን፣ በእነሱ ዓለም ሥርዓትና ትርምስ ጎራ ለይተው የሚዋጉ ኃይሎች ናቸው። ስለዚህ ያኔ ጥያቄው «ጠባይህ እንዴት ነው?» ሳይሆን «የማን ወገን ነህ?» ነበር። እንዲያውም እያንዳንዱ ወገን የራሱ ቋንቋ ነበረው፤ ዛሬ ሲያስቡት ያስቃል፣ ለጦር ጎራ ግን ያን ያህል እንግዳ ነገር አይደለም። መልካምና ክፉ የሚለውን ሁለተኛ መስመር ጋይጋክስ በ1976 ባሳተመው ጽሑፍ አመጣው። የ1977 የጀማሪዎች ሣጥን አምስት ነበረው፤ የ1978 የተጫዋቾች መጽሐፍ ዘጠኙን አጸና። የ1981 የጀማሪዎች ሣጥን ተመልሶ ሦስት አደረጋቸው፤ አራተኛው እትም በ2008 አምስት። አምስተኛው እትም በ2014 ዘጠኙን መለሰና፣ ለእንስሳትና ማሰብ ለማይችሉ ፍጥረታት «አላይንመንት የለውም» የሚል ጨመረ።

«ሥርዓተኛ ማለት የአገሩን ሕግ የሚያከብር ነው»

እዚህ ላይ ቋንቋችን ራሱ ያሳስተናል። በአማርኛ «ሥርዓት ያለው ልጅ» ሲባል ምስጋና ነው፤ ስለዚህ ሥርዓተኛ የሚለውን የሰማ ሰው ሳያስበው ከመልካም ጋር ያጋባዋል። «ልቅ» በበኩሉ ነቀፌታ ያዘለ ቃል ነው። «ሕገ ወጥ» ማለት ደግሞ ይብሳል፣ ኮንትሮባንድ ያስመስለዋል። በደንቡ ግን ሁለቱ መስመሮች አይገናኙም። የዚህ ዓለም ዲያብሎሶች ሥርዓተኛ ክፉዎች ናቸው፦ ውል ይጽፋሉ፣ የጻፉትን ፊደል በፊደል ይጠብቃሉ፣ በዚያው ውል ያጠፋሉ። ጋኔኖቹ ልቅ ክፉዎች ናቸው፤ ቃላቸው ዋጋ የለውም። ሥርዓተኛ መልካም ባላባትም ባሪያ ለጌታው ይመለስ የሚል አዋጅ ባለበት ከተማ አዋጁን ቢጥስ አላይንመንቱ አይነካም፤ እሱን የሚያስረው መሐላው ወይም ወጉ እንጂ የአምባገነኑ ወረቀት አይደለም። ለመለየት የሚጠቅም አንድ ጥያቄ አለ፦ ገጸ ባሕርዩ አንድ ደንብ ስሕተት መስሎ ሲታየው ሌላ ከፍ ያለ ደንብ ይፈልጋል ወይስ ዓይኑ ያየውንና ልቡ የነገረውን ይከተላል? የመጀመሪያው ሥርዓተኛ ነው፣ ሁለተኛው ልቅ።

«ክፉ ከሆንኩ ጓደኞቼን መዝረፍ እችላለሁ፤ ገጸ ባሕርዬ እንደዚያ ነዋ!»

ቡድን የሚበተነው በዚህች ዓረፍተ ነገር ነው። ክፉ ማለት ለራሱ ጥቅም ሲል ሌላውን ለመጉዳት የማያመነታ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ ጋሻ የሚሆኑትንና ቁስሉን የሚያክሙለትን አራት ጓደኞች በ20 ወርቅ አይለውጥም፤ የሚለውጠው ክፉ ሳይሆን ሞኝ ነው። ክፉ ገጸ ባሕርይ የሚፈቀድ ከሆነ ከመጀመሪያው ጨዋታ በፊት፣ ሴሽን ዜሮ በሚባለው ስብሰባ፣ ሦስት ነገር ይወሰን። ገጸ ባሕርዩ ከቡድኑ ጋር የሚቆይበት ምክንያት ምንድን ነው? የራሱ ባለቤት ይመልሰው፣ መሪው አይፈልግለት። ተጫዋች ከተጫዋች መስረቅና መዋጋት ይፈቀዳል? በጠረጴዛው ላይ ጨርሶ የማይነሣው ጉዳይ የትኛው ነው? የመጀመሪያው መልስ ካልተገኘ ገጸ ባሕርዩ ለዚህ ቡድን አልተዘጋጀም ማለት ነው።

«ክፋትን የሚለየው ድግምት ሌባውን ይነግረኛል»

መልሱ በእትሙ ይወሰናል። በ2003 በወጣው 3.5 እትም (የሦስተኛው እትም ማሻሻያ) ድግምቱ አላይንመንትን በቀጥታ ያያል፣ ከፊት ለፊት እስከ 60 ጫማ፤ ግን ሦስት ዙር ይፈልጋል። በመጀመሪያው ዙር ክፋት መኖር አለመኖሩ፣ በሁለተኛው ብዛቱና የኃይለኛው መጠን፣ በሦስተኛው የእያንዳንዱ ቦታና መጠን ይታወቃል። አንድ ዙር አይቶ «ያኛው ነው!» የሚል ተጫዋች ደንቡን አላነበበም። ደግሞም ድግምቱ የሚያሳየው የክፋት ድባብ መጠን ከኃይል እንጂ ከኃጢአት አይመጣም፦ ክፉ ተራ ሰው እስከ 10 የሕይወት ዳይስ (የጥንካሬ መለኪያ) ድረስ የሚያሳየው ደካማ ድባብ ነው። መበለት የሚያታልለው ባለ ሱቅና ነፍሰ ገዳዩ ጎን ለጎን ቢቆሙ አንድ ይመስላሉ።

በአምስተኛው እትም ስሙ ተመሳስሎ ሥራው ተቀይሯል። በ30 ጫማ ውስጥ የሚያገኘው የፍጥረት ዓይነትን ነው፦ ሰማያውያን፣ አጋንንት፣ ሞተው የማያርፉ ፍጥረታትና የመሳሰሉትን። ሰው የቱንም ያህል ቢከፋ አይታይም። የ1 ጫማ ድንጋይ፣ የ1 ኢንች ተራ ብረት፣ የ3 ጫማ እንጨት ወይም አፈር፣ ወይም ስስ የእርሳስ ብረት ይጋርደዋል። መሪው የግድያ ምሥጢር ታሪክ አዘጋጅቶ በአንድ ድግምት ተበላሸብኝ የሚለው ብዙ ጊዜ ይህን ሳይለይ ነው።

«ፓላዲን ሥርዓተኛ መልካም መሆን አለበት»

ፓላዲን በመሐላ የታሰረ ቅዱስ ተዋጊ ነው። እስከ ሦስተኛው እትም ድረስ አዎ። የ1978 ደንብ ጨካኝ ነበር፦ ልቅ ተግባር አውቆ የፈጸመ ፓላዲን ቢያንስ ሰባተኛ ደረጃ የደረሰ ሥርዓተኛ መልካም ካህን ዘንድ ሄዶ መናዘዝና ንስሐ መቀበል ነበረበት፤ ክፉ ተግባር አውቆና ወዶ ከፈጸመ ግን ፓላዲንነቱን ለዘለዓለም ያጣል። መሪዎች «ሕፃኑን ወይስ መንደሩን?» የሚሉ ወጥመዶችን ያጠምዱ የነበረው በዚህ ምክንያት ነው፤ በእኔ አስተያየት አሰልቺ ቀልድ ነው። ከ2008 ወዲህ ግዴታው ተነሥቷል። በአምስተኛው እትም ፓላዲንን የሚይዘው መሐላው ነው፤ መሪውም ጥፋቱን የሚለካው በመሐላው ቃላት እንጂ በአላይንመንቱ አይደለም።

«ኦርክ ሁሉ ክፉ ነው»

3.5 እትም እንደ ኦርክ ያሉ ጭራቆችን አላይንመንት በሦስት ቃላት ይለካል። «ሁልጊዜ» ማለት ፍጥረቱ ከነጠባዩ ይወለዳል ማለት ነው፤ ቀይ ዘንዶ እንደዚያ ነው። «አብዛኛውን ጊዜ» ከ50 በመቶ በላይ ነው፤ ጎብሊን እዚህ ይገባል። «ብዙ ጊዜ» ደግሞ ከ40 እስከ 50 በመቶ። ኦርክ የተመደበው በዚህ በመጨረሻው ነው። ስለዚህ በራሱ በመጽሐፉ ቃል ከኦርኮች ቢያንስ ግማሹ ልቅ ክፉ አይደለም! የ2014 የጭራቆች መጽሐፍም የተጻፈው አላይንመንት መነሻ ብቻ እንደሆነና መሪው ሊቀይረው እንደሚችል ይናገራል።

«ገለልተኛ የዓለምን ሚዛን ይጠብቃል»

ከድሮዎቹ ድሩይዶች፣ ማለትም ከተፈጥሮ ካህናቱ፣ የቀረ አስተሳሰብ ነው። ብዙው ገለልተኛ እህሉን ሸጦ ቤቱ መግባት የሚፈልግ ሰው ነው።

«አላይንመንት ከተነሣ ጨዋታው ይፈርሳል»

ፓዝፋይንደር የተባለው ተመሳሳይ ጨዋታ በ2023 ባሻሻለው ደንቡ ጨርሶ አንሥቶታል፤ በምትኩ ገጸ ባሕርዩ ሊፈጽማቸው የሚገባና ፈጽሞ የማያደርጋቸው ነገሮች ይጻፋሉ። ቤት ውስጥ ለማንሣት ግን በየትኛው እትም እንደሚጫወቱ ይታይ። በ2014 እትም የሚነካው ጥቂት ነው፤ ለምሳሌ ራክሻሳ የሚባለው ጭራቅ መልካም ሰው በያዘው አስማታዊ ጦር በተለይ መጎዳቱ፣ ወይም በአንድ የካህን ድግምት የሚወርደው ጉዳት ዓይነት። በ3.5 ግን ሥሩ ጥልቅ ነው። ቅዱስ መሣሪያ በክፉዎች ላይ ሁለት ባለ 6 ጎን ዳይስ ተጨማሪ ጉዳት ያደርሳል፣ የፓላዲኑ ልዩ ምት በክፉ ላይ ብቻ ይሠራል፣ አንዳንድ ጭራቆችም መልካም በሆነ መሣሪያ ካልተመቱ ጉዳቱ ይቀንስላቸዋል። እነዚህን ሳያስተካክሉ አላይንመንቱን ብቻ የሰረዙ ቡድኖች ፓላዲናቸው በሦስተኛው ውጊያ ባዶ እጁን ይቀራል። ቀላሉ መፍትሔ ደንቡ «ክፉ» ባለበት ሁሉ «ጋኔን፣ ዲያብሎስ ወይም ሞቶ የማያርፍ» ብሎ መተካት ነው። ለተራ ሰው ጠላቶችም መሪው ታሪኩ ሲጀመር ሁለት ወይም ሦስት ቡድኖችን በስም ጠርቶ «ምቱ በእነዚህም ላይ ይሠራል» ቢል ይበቃል።