ስፖንሰር ምንድን ነው? ለአዲስ የዴቢያን ፓኬጅ ሜንቴነር

አንድ ፕሮግራም ወደዳችሁ እንበል። ዴቢያን ውስጥ፣ ማለትም በፈቃደኞች በሚሰናዳው ነፃ የሊኑክስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ውስጥ፣ ፈልጋችሁ አጣችሁት። «እንግዲያው እኔው ላሰናዳው» ብላችሁ መመሪያውን አነበባችሁ፤ ሶርስ ኮዱን አወረዳችሁ፤ «ዴቢያን» የሚባለውን ፎልደር ከነፋይሎቹ ጻፋችሁ። ፓኬጁ፣ ማለትም ለመጫን የተሰናዳው ፕሮግራም፣ ማሽናችሁ ላይ ተገነባ፣ ተጫነ፣ ሠራ። ወደ ዴቢያን ማከማቻ ልትልኩት ስትሉ ግን በሩ ዝግ ነው። ማከማቻው የሚቀበለው መዝገቡ ውስጥ ባለ ቁልፍ (የባለቤቱን ማንነት በሚያረጋግጥ ዲጂታል መፈረሚያ) የተፈረመ ፓኬጅ ብቻ ነው፤ የእናንተ ቁልፍ ደግሞ እዚያ የለም። እዚህ ላይ የሚያስፈልጋችሁ ሰው ስፖንሰር ይባላል።

ነገሩ ከገንዘብ ጋር አይገናኝም። ስፖንሰር ማለት ፓኬጅ የመላክ መብት ያለው የዴቢያን ዴቨሎፐር ሆኖ፣ እናንተ ያሰናዳችሁትን መርምሮ፣ በራሱ ቁልፍ ፈርሞ የሚልክላችሁ ሰው ነው። ፓኬጁ የእናንተ ነው፦ በሜንቴነርነት፣ ማለትም በፓኬጁ ተንከባካቢነት፣ የሚጻፈው ስማችሁ ነው፤ ተጠቃሚዎች የሚልኩት የስህተት ሪፖርትም የሚደርሰው ለእናንተ ነው። ፊርማው ግን የእርሱ ነው። ዋስ ሆኖላችኋል ማለት ይቻላል፤ ነገሩ ቢበላሽ «ይህን ማን አሳለፈው?» ተብሎ የሚፈለገው እርሱ ነው። ማን እንደፈረመ ደግሞ የሚደበቅ ነገር አይደለም። «ሁ አፕሎድስ» የሚባል ትንሽ ትእዛዝ የየትኛውንም ፓኬጅ የቅርብ ጊዜ ፈራሚዎች ያወጣል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን? ፓኬጅ ሲጫን አብረውት የሚሄዱት ስክሪፕቶች በማሽኑ ላይ ሙሉ ሥልጣን አላቸው። የፈለጉትን ፋይል መሰረዝ፣ የፈለጉትን መክፈት ይችላሉ። ተጠቃሚው የሚጭነው ስለሚያምን ነው እንጂ ኮዱን ስላነበበ አይደለም። ክፉ ሐሳብ የሌለበት ትንሽ ለውጥ እንኳ ምን ሊያደርስ እንደሚችል ዴቢያን በራሱ ላይ አይቶታል። እ.ኤ.አ. በ2006 ኦፕንኤስኤስኤል በሚባለው የምስጠራ ፓኬጅ ላይ፣ የማስጠንቀቂያ መልእክት ለማጥፋት ተብሎ ሁለት መስመር ኮድ እንዳይሠራ ተደረገ። ያ ለውጥ ምስጢራዊ ቁልፎች የሚሠሩበትን የዘፈቀደ ቁጥር ማመንጫ አደከመው። ችግሩ ግንቦት 2008 ይፋ እስኪሆን ድረስ በዴቢያንና ከእርሱ በተሠራው በኡቡንቱ ላይ የተፈጠሩ ብዙ ቁልፎች ለአንድ ዓይነትና መጠን ከ32,768 አማራጮች የማያልፉ ነበሩ፤ ለኮምፒውተር ይህ ቁጥር በጥቂት ጊዜ ተሞክሮ የሚያልቅ ነው። ጥፋቱ የአዲስ ሰው አልነበረም። የሁለተኛ ዓይን ዋጋ ግን እዚህ ላይ ግልጽ ይሆናል።

ሜንተር ሌላ ነው። ሜንተር ያስተምራል፦ ለምን ይህ ፋይል እዚህ እንደሚቀመጥ፣ ያ ስህተት ምን ማለት እንደሆነ፣ የትኛው መመሪያ አርጅቶ የትኛው እንደሚሠራ ያሳያችኋል። ለዚህ የመላክ መብት አያስፈልገውም፤ ከእናንተ አንድ ዓመት ቀድሞ የጀመረ ሰው ጥሩ ሜንተር ሊሆን ይችላል። ስፖንሰሩ በበኩሉ መርምሮ ለመፈረም እንጂ ከሀ እስከ ፐ ለማስተማር ጊዜ ላይኖረው ይችላል። እኔ እንደማየው ብዙ አዲስ ሰው የሚጎዳው ሁለቱንም ከአንድ ሰው ሲጠብቅ ነው። ጥያቄያችሁን ለብዙ ሰው አከፋፍሉት፤ ፊርማውን ከአንድ ሰው ጠይቁ። አንዱ ሰው ሁለቱንም ከሆነላችሁ እሰየው።

ደንበኛው መንገድ ይህን ይመስላል። አዲስ ፓኬጅ ከሆነ መጀመሪያ «ይህን ላሰናዳ አስቤአለሁ» የሚል ማስታወቂያ በዴቢያን የስህተት መከታተያ ላይ ይከፈታል፤ በአጭሩ አይቲፒ ይሉታል። ሁለት ሰው አንድ ሥራ ላይ እንዳይደክም ነው። ከዚያ ፓኬጁ ሜንቶርስ ዶት ዴቢያን ዶት ኔት ላይ ይጫናል፤ እዚያ ለመጫን የዴቨሎፐር መብት አያስፈልግም። በመጨረሻ «ስፖንሰር እፈልጋለሁ» የሚል ሪፖርት ይከፈታል፤ እርሱን ደግሞ አርኤፍኤስ ይሉታል። በርእሱ ላይ የፓኬጁ ስም፣ ቨርዥኑና የጥያቄው ዓይነት ይጻፋል። ዴቨሎፐሮች ዝርዝሩን ያያሉ፤ የወደደ ያነሳል።

ችግሩ «የወደደ» የሚለው ላይ ነው። ማንም ግዴታ የለበትም፤ አብዛኛው በትርፍ ሰዓቱ የሚሠራ ነው። የማያውቀውን ፕሮግራም፣ በማያውቀው ቋንቋ የተጻፈ፣ ከማያውቀው ሰው የመጣ ፓኬጅ የሚያነሳ ዴቨሎፐር ማግኘት ይከብዳል። ጥያቄውን ከፍቶ መጠበቅ ብቻ ደጅ ጥናት ይሆናል። ስለዚህ ስፖንሰሩ ወዳለበት ሂዱ።

ስፖንሰሩ ያለው ቡድን ውስጥ ነው። የፓይተን ፓኬጆችን የሚይዝ ቡድን አለ፤ የፐርል አለ፤ የጨዋታ አለ፤ ለሕክምናና ለባዮሎጂ ሶፍትዌር ዴቢያን ሜድ የሚባል አለ። ሥራቸው ሳልሳ በሚባለው የዴቢያን የጊት (የኮድ ለውጥ መመዝገቢያ) ሰርቨር ላይ በግልጽ ይታያል። ፕሮግራማችሁ በፓይተን ከተጻፈ የፓይተኑ ቡድን የአሠራር ደንቡን ጽፎ አስቀምጧል፤ አንብባችሁ ብትገቡ ፓኬጃችሁን የሚያየው ሰው በየቀኑ ያንኑ ዓይነት ፓኬጅ የሚያይ ነው። ምርመራው ያጥርለታል። እናንተ ነገ ብትጠፉ ደግሞ ፓኬጁ ባለቤት አልባ አይሆንም፤ ቡድኑ አለ። ስፖንሰር የሚሆን ሰው አፍ አውጥቶ ባይናገረውም ይህን ያስባል፦ «ይህ ሰው ከወር በኋላ ቢጠፋ ሸክሙ በማን ላይ ይወድቃል?»

እንደ እኔ ከሆነ ደግሞ የመጀመሪያ ሥራችሁ አዲስ ፓኬጅ ባይሆን ይሻላል። ዴቢያን ውስጥ ሜንቴነራቸው የተዋቸው ብዙ ፓኬጆች አሉ። «ደብሊውኤንፒፒ አለርት» የሚባለው ትእዛዝ ማሽናችሁ ላይ ከተጫኑት መካከል የትኞቹ ባለቤት እንደሌላቸው ወይም ባለቤታቸው ተረካቢ እንደሚፈልግ ይነግራችኋል። «ሃው ካን አይ ሄልፕ» የሚባለውም ፓኬጅ በጫናችሁ ቁጥር ተመሳሳይ ነገር ያሳያል። በየቀኑ የምትጠቀሙበት ነገር ከዝርዝሩ ውስጥ ብቅ ሲል ልብ ይነካል፤ ደግሞም ጥሩ መነሻ ነው። ፓኬጁ አስቀድሞ ማከማቻው ውስጥ ስላለ ስፖንሰሩ የሚያነበው በቀድሞውና በአዲሱ መካከል ያለውን ልዩነት ብቻ ነው። ሠላሳ መስመር ለውጥ ለማየት ፈቃደኛ የሚሆን ሰው ከሙሉ ፓኬጅ መርማሪ ይልቅ በቀላሉ ይገኛል። ሁለት ሦስት እንዲህ ያለ ሥራ ካሳለፋችሁ በኋላ አዲሱን ፓኬጅ ስታመጡ የምትጠይቁት ሰው አያያዛችሁን የሚያውቅ ሰው ነው።

አሁን ስፖንሰሩ ቁጭ ብሎ ምን እንደሚያይ በቅርበት እንመልከት፤ ይህን ያወቀ ሰው ግማሹን መንገድ ሄዷል። መጀመሪያ ከእናንተ ያገኘው የሶርስ ኮድ መዝገብ የፕሮግራሙ ደራሲ ካወጣው ጋር አንድ መሆኑን ያረጋግጣል። ከዚያ በንጹሕ አካባቢ ውስጥ እንደገና ይገነባዋል። እናንተ የገነባችሁትን አይልክም። የእናንተ ማሽን ላይ የሠራው ምናልባት ከዓመት በፊት የጫናችሁትና የረሳችሁት ላይብረሪ ስላለ ይሆናል፤ ንጹሕ አካባቢ ውስጥ ያው ግንባታ ወዲያው ይወድቃል። ስለዚህ በንጹሕ አካባቢ የሚገነባውን ኤስቢልድ የሚባል መሣሪያ ራሳችሁ ቀድማችሁ አስኪዱት። ሊንቲያን የሚባለውን መርማሪም እንዲሁ፤ ማስጠንቀቂያውን ዝም ለማሰኘት ሳይሆን ምን እያለ እንደሆነ ለመረዳት።

ቀጥሎ የላይሰንስ ፋይሉን ይከፍታል። ብዙ ፓኬጅ የሚመለሰው እዚህ ላይ ነው። የፕሮግራሙ መግቢያ ገጽ «ኤምአይቲ ላይሰንስ» ይላል፤ እናንተም ፋይሉ ላይ ኤምአይቲ ብላችሁ ጻፋችሁ። ስፖንሰሩ ፎልደሮቹን ሲያስስ የአይከን ምስሎች ያሉበት ውስጥ «ለንግድ መጠቀም ክልክል ነው» የሚል ሌላ ፈቃድ ያገኛል። ይህ በዴቢያን የነፃ ሶፍትዌር መመዘኛ አይፈቀድም። ሌላ ፎልደር ውስጥ ደግሞ ታጭቆ የማይነበብ የሆነ የጃቫስክሪፕት ፋይል አለ፤ ዋናው ኮድ ግን የለም። ሁለቱንም ማውጣት ወይም መተካት የእናንተ ሥራ ነው። ስፖንሰሩ ቢያልፈው እንኳ አዲስ ፓኬጅ ሁሉ ማከማቻውን በሚያስተዳድረው ቡድን እጅ ማለፍ ስላለበት እዚያ ይያዛል፤ ያን ጊዜ የሚጎድፈው ስም የእናንተ ብቻ አይደለም፣ የፈረመውም ነው። እያንዳንዱን ፋይል ከፍታችሁ ማየት አሰልቺ ነው። ግን አንድ ሰው በፊርማው እንዲያምናችሁ የምትጠይቁት በዚህ ሥራ ነው።

ጥያቄውን ስትጽፉ አጭር ሁኑ፤ ግን የሚያስፈልገውን አትተዉ። ፕሮግራሙ ምን እንደሚሠራ በአንድ ዓረፍተ ነገር፤ እናንተ ትጠቀሙበት እንደሆነ፤ ካለፈው ቨርዥን ምን እንደተለወጠ፤ ሊንቲያን አሁንም የሚያማርርበት ነገር ካለ ለምን እንደተዋችሁት። የመጨረሻው በተለይ ዋጋ አለው። «ይህን ማስጠንቀቂያ አይቼዋለሁ፤ ደራሲው በሚቀጥለው ቨርዥን እንደሚያስተካክል ነግሮኛል» የሚል ሰው ሥራውን እንደሚያውቅ ይታያል። አስተያየት ሲመጣ ሁሉንም አንድ በአንድ መልሱ፤ ያልተስማማችሁበት ካለ ምክንያቱን ጻፉ። ግማሹን አስተካክሎ ግማሹን በዝምታ ማለፍ ስፖንሰሩን ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ያደርገዋል፤ ያ ሰው ሁለተኛ አይመለስም።

መልስ ሲዘገይ ማስታወስ ይቻላል። መወትወት ግን ሌላ ነገር ነው፤ በዚህ ላይ የኤክስዜድ ታሪክ ሁሉንም ጠንቃቃ አድርጓል። ኤክስዜድ ፋይል ማመቂያ ፕሮግራም ነው። ጂያ ታን በሚል ስም የሚሠራ ሰው ከሁለት ዓመት በላይ ጠቃሚ ሥራ እየሠራ የሜንቴነርነት ሥልጣን አገኘ፤ በ2024 መጀመሪያ የወጡት 5.6.0 እና 5.6.1 ቨርዥኖች ውስጥ ድብቅ በር ተከተተ። የተንኮሉ ቁልፍ ክፍል የነበረው በጊት ማከማቻው ሳይሆን ለሕዝብ በወጣው የታሸገ መዝገብ ውስጥ ነበር። ወሬው ከመሰማቱ ጥቂት ቀናት በፊት፣ ማንም የማያውቀው ስም ያለው ሰው 5.6.1 ወደ ዴቢያን እንዲገባ የስፖንሰርነት ጥያቄ ከፍቶ ነበር፤ ሌሎች የማይታወቁ ስሞችም «ቶሎ ይግባ» እያሉ ደግፈውታል። ማርች 29 ቀን 2024 አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ፣ በኤስኤስኤች (ከሩቅ ወደ ሌላ ኮምፒውተር መግቢያ) መግባት ግማሽ ሰከንድ ያህል ለምን እንደዘገየ ሲመረምር የደረሰበትን ይፋ አደረገ። ድብቁ በር የዴቢያን የሙከራ ቅርንጫፎች ውስጥ ገብቶ ነበር፤ የተረጋጋው ቨርዥን ግን ተርፏል። ከዚህ በኋላ ስፖንሰር «ይህን መዝገብ ከየት አመጣኸው?» ብሎ ሲጠይቅ ቅር አይበላችሁ። የሚገባው ጥያቄ ነው፤ ቀላል የሚያደርግለትም መልሱን ሳይጠየቅ ቀድሞ የሚጽፍ ሰው ነው።

ስሙ አንድ ሆኖ አሠራሩ የሚለይበትም አለ። ፌዶራ በሚባለው ሌላ የሊኑክስ ስርጭት ውስጥ ስፖንሰር ዋስ የሚሆነው ለሰው ነው፦ «ፓኬጀር» ወደሚባለው ቡድን ያስገባችኋል፣ ከዚያ በኋላ ራሳችሁ ትሠራላችሁ፤ አዲስ ፓኬጅ ግን ሁልጊዜ በሌላ ሰው መገምገም አለበት። እዚያ ችሎታ የሚታየው የሌሎችን ፓኬጅ በራስ ፈቃድ በመገምገም ጭምር ነው፤ ይህ ልማድ ዴቢያን ላይም ቢሠራበት መልካም ነው። የሌላ አዲስ ሰው ጥያቄ ከፍታችሁ ገንቡት፣ ያያችሁትን ጻፉለት። እርሱ ይጠቀማል፣ እናንተ ትማራላችሁ፣ ዝርዝሩን የሚያዩት ዴቨሎፐሮችም ስማችሁን በሥራ ያውቁታል።

ዴቢያን ውስጥ ግን ስፖንሰር የሚፈርመው ለአንዱ ፓኬጅ፣ ለአንዱ ቨርዥን ነው። አዲስ ቨርዥን ሲመጣ እንደገና ትጠይቃላችሁ። ይህ አሰልቺ መሆኑ ታይቶ እ.ኤ.አ. በ2007 በተደረገ የአባላት ድምፅ የዴቢያን ሜንቴነር የሚባል ደረጃ ተፈጠረ። ለዚህ ደረጃ ማንነታችሁን አይቶ ቁልፋችሁን የፈረመ ዴቨሎፐርና፣ ሥራችሁን አውቆ «ይገባዋል» ወይም «ይገባታል» ብሎ የሚጽፍ ደጋፊ ያስፈልጋችኋል፤ ይህ ደጋፊ ብዙ ጊዜ ሲፈርምላችሁ የኖረው ስፖንሰር ነው። ደረጃው ከተሰጣችሁ በኋላ ዴቨሎፐሩ በስም ለይቶ ይህን ፓኬጅ መላክ ይችላሉ ብሎ በአንድ ትእዛዝ ይፈቅድላችኋል፤ ካስፈለገም ያነሳዋል። ለዚያ ፓኬጅ ከእንግዲህ በራሳችሁ ቁልፍ ትፈርማላችሁ። ማከማቻው ውስጥ የሌለ አዲስ ፓኬጅ ስታመጡ ግን አሁንም ስፖንሰር ትፈልጋላችሁ።