በአዳማ የሃይማኖቶች አብሮ መኖር

አዳማ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምሥራቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ የምትገኝ፣ ከኦሮሚያ ክልል ትልልቅ ከተሞች አንዷ ናት። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን፣ ሙስሊሞች፣ ፕሮቴስታንቶችና ካቶሊኮች በአንድ ሰፈር፣ ብዙ ጊዜም በአንድ ግቢ ውስጥ ይኖሩባታል። ይህ አኗኗር ዘወትር «መቻቻል» በሚል አንድ ቃል ይገለጻል፤ ቃሉ ግን ጉዳዩን ያሳንሰዋል። የሚቻቻል ሰው ጎረቤቱን ዝም ብሎ ያልፈዋል፤ የአዳማ ሰው ግን ሥጋ በማን እጅ እንደሚታረድ፣ ሬሳ እስከ የት እንደሚሸኝ፣ ድንኳን ለማን እንደሚተከል ጠንቅቆ ያውቃል። በሕግ ያልተጻፈ፣ በልማድ ግን የጸና ሥርዓት ነው።

በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የከተማዋ ነዋሪ 220,212 ነበር። ከዚህ ውስጥ 63.6 በመቶው ኦርቶዶክስ፣ 24.7 በመቶው ሙስሊም፣ 10.6 በመቶው ፕሮቴስታንት ነበር። በብሔር ሲታይ ደግሞ ኦሮሞ 39 በመቶ፣ አማራ 34.5 በመቶ፣ ጉራጌ 12 በመቶ፣ ስልጤ 5 በመቶ ድርሻ ነበራቸው። ከዚያ ወዲህ ከተማዋ በስፋትም በሕዝብ ብዛትም እጅግ ብታድግም፣ ቆጠራው ያሳየው ዋና ነገር ዛሬም ያው ነው፤ ሁለቱ ክፍፍሎች እርስ በርስ አይገጣጠሙም። አዳማ የተቆረቆረችው በሸዋና በአርሲ መገናኛ ላይ ነው። አዋሽን ተሻግሮ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ የሚኖረው የአርሲ ኦሮሞ በአመዛኙ ሙስሊም ሲሆን፣ ወደ ሸዋ በኩል ያለው የቱለማ ኦሮሞ በአመዛኙ ኦርቶዶክስ ነው። ከጉራጌ የመጣው ነጋዴ ሙስሊምም ኦርቶዶክስም ካቶሊክም ሊሆን ይችላል፤ ስልጤው ሙስሊም ነው፤ ከወሎ የመጣው አማርኛ ተናጋሪ ደግሞ ዓርብ መስጊድ የሚሄዱም፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱም ዘመዶች አሉት። ስለዚህ በጁምዓ ሶላት ሰልፍ ላይ ኦሮሞው፣ ስልጤውና ወሎዬው ትከሻ ለትከሻ ይቆማሉ፤ በቅዳሴም እንዲሁ ነው። በቋንቋ የተለያዩ ሰዎች በእምነት ይገናኛሉ፤ በእምነት የተለያዩት ደግሞ በቋንቋ፣ በገበያና በሰፈር። አገሪቱ በብሔር ፖለቲካ በተከፋፈለችበት በዚህ ዘመን የአዳማ ሃይማኖታዊ ኑሮ ልዩ ክብደት የሚኖረው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ከተማዋ የባቡር ልጅ ናት። ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የምድር ባቡር በዚህ ቦታ ጣቢያ አቋቁሞ ነበርና፣ በጣቢያው ዙሪያ ከየአቅጣጫው የመጣ ነጋዴና ሠራተኛ ሰፈረ። በ1946 ዓ.ም. ኤችቪኤ በተባለው የሆላንድ ኩባንያ ሥራ የጀመረው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ደግሞ ከከምባታ፣ ከሀዲያና ከወላይታ ብዙ ሺህ አገዳ ቆራጮችን ወደ አካባቢው ስቧል፤ ከእነርሱም ጋር የወንጌላውያንና የካቶሊክ እምነት መጥቷል። የፕሮቴስታንቱ ታሪክ በከተማዋ ውስጥ የራሱ ሥር አለው። በ1930ዎቹ መጨረሻ የሜኖናይት ሚሲዮን በአዳማ ሆስፒታል ከፈተ፤ በአርበኛው በደጃዝማች ኃይለ ማርያም ማሞ ስም የተሰየመው ይህ ሆስፒታል ሃይማኖት ሳይለይ የአካባቢውን ሕዝብ ያክም ነበር። ከሚሲዮኑ ሥራ የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ወጣች፤ በ1950ዎቹም «ሰማያዊ ብርሃን» የተባለው የወጣቶች እንቅስቃሴ በዚሁ ከተማ ተወለደ። ደርግ በ1974 ዓ.ም. ይህችን ቤተ ክርስቲያን ዘግቶ ንብረቷን ሲወርስና መሪዎቿን ሲያስር፣ ምእመናኑ በየመኖሪያ ቤታቸው በድብቅ ለመጸለይ ተገደዱ። በአንድ ግቢ በሚኖሩ ሰዎች መካከል የሚደረግ የድብቅ ጸሎት ደግሞ ያለ ጎረቤት ዝምታ አይዘልቅም።

የከተማዋ ስም ራሱ የዚህ ታሪክ አካል ነው። «አዳማ» ከኦሮምኛው «አዳሚ»፣ ማለትም ቁልቋል፣ እንደ መጣ ይነገራል። በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ከወንጌሉ ከተማ ተወስዶ «ናዝሬት» ተባለች፤ በ1992 ዓ.ም. የክልሉ መንግሥት መቀመጫ እንድትሆን ሲወሰን የቀድሞው ስሟ በይፋ ተመለሰ፤ መቀመጫው ግን በ1997 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ተመልሷል። ዛሬም «ናዝሬት» የሚሉ ብዙ አሉ። አንዳንዱ የልጅነት አንደበቱ ስለሆነ ብቻ ይለዋል፤ ሰሚው ግን የፖለቲካ አቋም አድርጎ ሊወስደው ይችላል። አንድ ሰው የተወለደበትን ከተማ በየትኛው ስም ይጥራ በሚለው ጥያቄ መሸማቀቁ ያሳዝናል፤ ሁለቱም ስሞች የዚህ ሕዝብ ናቸውና።

ሕጉ ረጅም መንገድ ተጉዟል። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን የመንግሥት ሃይማኖት አድርጎ ደንግጎ ነበር። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሙስሊሞች ክርስቲያኖችም ተቀላቅለዋቸው ለሃይማኖት እኩልነት ታላቅ ሰልፍ ወጡ፤ ብዙም ሳይቆይ ዒድ አል ፈጥር፣ ዐረፋና መውሊድ ብሔራዊ በዓላት ሆኑ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖትን ለያይቶ በአንቀጽ 27 የእምነት ነፃነትን አረጋገጠ።

ይሁን እንጂ በአዳማ ሰፈሮች የአብሮ መኖር ዋና ተቋም እድር ነው። ሰው ሲሞት ጡሩንባ ነፊው በሌሊት ይዞራል፤ አባላት ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበርና ብረት ድስት ተሸክመው ይወጣሉ። ሟቹ ሙስሊም ከሆነ ቀብሩ በዕለቱ ስለሚፈጸም ሁሉም ነገር በጥድፊያ ይሆናል፤ ክርስቲያኑ አባል ጀናዛውን እስከ መቃብሩ ይሸኛል፣ ሶላተል ጀናዛ ሲሰገድ ግን ፈንጠር ብሎ ይቆማል። ክርስቲያን ሲሞት ደግሞ ሙስሊሙ እስከ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ድረስ አስከሬኑን ያጅባል፤ ፍትሐቱ ሲደርስ ከውጭ ይጠብቃል። በዚህ ርቀት ማንም አይቀየምም፤ ርቀቱ የአክብሮት መለኪያ ነውና። ከዚያ በኋላ በለቅሶ ቤት የሚቀመጡት ቀናት፣ የሚቀርበው ንፍሮና ቡና፣ «እግዜር ያጽናችሁ» እና «አላህ ያጽናችሁ» የሚባባሉት ሰዎች ሁሉ በአንድ ድንኳን ሥር ናቸው። የቅይጥ እድር ገንዘብ ለቀብርና ለሐዘንተኛው መርጃ ይከፈላል፤ ተዝካሩንና ሰደቃውን ግን ቤተሰቡ እንደ እምነቱ በራሱ ያዘጋጃል።

ሁለተኛው ትልቅ ጉዳይ ሥጋ ነው። ኦርቶዶክሱ የእስላም ሥጋ፣ ሙስሊሙም የክርስቲያን ሥጋ አይበላም። ከሩቅ ለሚያይ ይህ የመለያያ ግድግዳ ይመስላል፤ በተግባር ግን ጥንቃቄን የሚያስተምር ልማድ ነው። ሠርግ የሚደግስ ኦርቶዶክስ ለሙስሊም ጎረቤቶቹ በግ ወይም ፍየል ለይቶ ይገዛል፤ የሚያርደው ሙስሊም፣ የሚያበስሉት ሙስሊም ሴቶች፣ ድስቱና ማቅረቢያውም ከሙስሊም ቤት የመጣ ይሆናል። ሙስሊሙም ሲድር ለክርስቲያን እንግዶቹ እንዲሁ ያደርጋል። ጠላና ጠጅ በአንድ ወገን፣ ብርዝና ለስላሳ በሌላ ወገን ይቀርባል፤ ፕሮቴስታንቱ ሥጋውን ከኦርቶዶክሱ፣ መጠጡን ከሙስሊሙ ጋር የሚካፈልበት ጊዜ ብዙ ነው። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ዳቦውና ቡናው ደግሞ የሁሉም ነው። በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም የካቲት 17፣ ረመዳን የካቲት 22 ሲጀምሩ፣ የሁለቱ ጾሞች ቀናት አንድ ላይ ዋሉ፤ ቀን ላይ ከሁለቱም ቤት የሥጋ ሽታ የማይወጣባቸው ሳምንታት ነበሩ። ማታ የሚላከው ሳምቡሳ የምስር ከሆነ ለጾመኛው ጎረቤትም ይደርሳል።

በዓላትም በመንገድ ላይ ይገናኛሉ። ለጥር 11 ታቦታት ወደ ጥምቀተ ባሕር ሲወርዱ መንገዱን ከሚያጸዱት ወጣቶች መካከል ሙስሊሞች ይገኛሉ፤ የዒድ ሶላት የሚሰገድበትን ሜዳ ለማጽዳትም ክርስቲያን ወጣቶች ይወጣሉ። በከተማዋ ያሉ ዋቄፈታዎችም (የኦሮሞ ባህላዊ እምነት ተከታዮች) ሆኑ ክርስቲያንና ሙስሊም ኦሮሞዎች በመስከረም መጨረሻ ለኢሬቻ ወደ ቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ የሚጓዙበት መንገድ አጭር ነው።

ይህ ሁሉ ያለ ፈተና አይደለም፤ ፈተናው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከእምነቶቹ መካከል አይነሣም። በጥቅምት 2012 ዓ.ም. በኦሮሚያ በተቀሰቀሰው ሁከት አዳማም የሰው ሕይወት አጥታለች፤ መነሻው የፖለቲካ ውዝግብ ነበር፤ በየአካባቢው ግን ሰው በብሔሩ፣ አንዳንዴም በእምነቱ ተለይቶ ተጠቅቷል። ፖለቲካው ወደ ሃይማኖት ቤቶች ውስጥ ሲገባም ታይቷል። ጥር 14 ቀን 2015 ዓ.ም. ሦስት ሊቃነ ጳጳሳት ከቅዱስ ሲኖዶስ ውጭ 26 ኤጲስ ቆጶሳትን ሲሾሙ፣ ምእመኑ በቋንቋው መገልገል አለበት የሚል ምክንያት አቅርበው ነበር። ጥያቄው በራሱ ተገቢ ቢሆንም የተሄደበት መንገድ በአንድ መቅደስ የሚቆርቡ ሰዎችን ለየ፤ የካቲት 8 ቀን ስምምነት እስኪደረስ ድረስ ምእመናን ጥቁር ለብሰው በነነዌ ጾም ጸለዩ። ሙስሊሙም ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ የመጅሊሱ አመራር በማን ይመረጥ በሚለው ጉዳይ የራሱን ረጅም ትግል አሳልፏል። በእነዚህ ዓመታት የአዳማ ጎረቤታሞች ሐዘናቸውን የተካፈሉት ከሌላው እምነት ጎረቤታቸው ጋር ጭምር ነው።

ቀስ ብሎ የሚሠራ ለውጥም አለ፤ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ይኸኛው ነው። በእምነት የተለዩ እድሮች እየበዙ ነው። ምክንያታቸው አላግባብ አይደለም፤ ለፕሮቴስታንቱ ሙሾና ተዝካር ከእምነቱ ጋር አይሄዱም፣ ሙስሊሙም ወጪውን በሸሪዓ መንገድ ማድረግ ይፈልጋል። ነገር ግን ሰው በየእድሩ ሲከፋፈል፣ በሌሊት ጡሩንባ የሚሰማው ለራሱ ወገን ብቻ ይሆናል። የድምፅ ማጉያ፣ የአምልኮ ቦታ ይዞታና የመቃብር መሬት ጥያቄዎችም ሰዎች እርስ በርስ በማይተዋወቁበት ሰፈር በቀላሉ ይከርራሉ።

የኢትዮጵያ የሃይማኖት ተቋማት ጉባኤ በየክልሉና በየከተማው ቅርንጫፍ አለው፤ አባቶችን በአንድ መድረክ ያቀርባል፣ የሰላም ጥሪም ያስተላልፋል። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አገራዊ ምክክር ኮሚሽን የኦሮሚያን የአጀንዳ ማሰባሰቢያ ጉባኤ ያካሄደው በአዳማ ነበር። እነዚህ መድረኮች አስፈላጊ ናቸው፤ ይሁንና መግለጫቸው ብዙ ጊዜ የሚወጣው ጉዳት ከደረሰ በኋላ ሲሆን፣ የሰፈር ሽማግሌ ግን ወሬው ሳይዛመት በዚያው ሌሊት በር ያንኳኳል።

በከተማዋ ዳርቻ በተሠሩት የጋራ መኖሪያ ቤቶች ነዋሪው የገባው በዕጣ ስለሆነ ማንም ጎረቤቱን አልመረጠም። በየግቢው ለእርድ የተለየ አንድ የጋራ ክፍል አለ፤ ለፋሲካ ዋዜማና ለዐረፋ ጠዋት ማን መቼ እንደሚጠቀምበት፣ ቢላዋውና ጉማጁ እንዴት እንደሚለይ፣ ውኃውን ማን እንደሚያፈስ የሚወስነው አዲስ የተቋቋመው የብሎኩ ኮሚቴ ነው።