የኢንፍሉዌንዛ ኢንሴፋሎፓቲ ምንድን ነው?

ኢንፍሉዌንዛ የያዘው ሰው ትንሽ ቢቃዥ ብዙም አንደነግጥም። ትኩሳቱ ነው፣ ሲበርድለት ይተወዋል እንላለን። አብዛኛውን ጊዜም ልክ ነን። ግን ሰውዬው በሦስተኛው ቀን፣ ያውም ትኩሳቱ በርዶለት፣ የቴሌቪዥኑን ሪሞት ጆሮው ላይ ለጥፎ «ሃሎ፣ ሃሎ» ማለት ከጀመረስ? ስትጠይቁት «ደህና ነኝ» ይላችኋል። ዓይኑ ግን እናንተ ላይ የለም። ይሄኔ ትኩሳቱን መውቀስ ትቶ አንጎሉ ተነክቶ ይሆን ወይ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ኢንሴፋሎፓቲ ማለት የአንጎል አጠቃላይ ሥራ ሲዛባ ነው። ኢንሴፋላይቲስ የሚባል ዘመድም አለው፤ እሱ አንጎሉ ራሱ ሲቆጣ ነው። በኢንፍሉዌንዛ ጊዜ ሁለቱን አልጋው አጠገብ ቆሞ መለየት ስለሚከብድ ሐኪሞችም ስሞቹን እያፈራረቁ ይጠሯቸዋል፣ ስለዚህ እናንተም በስሙ ብዙ አትጨነቁ።

አንድ ነገር ግን እንለይ። አማርኛችን አፍንጫ የሚያዘንበውንም፣ አልጋ ላይ የሚጥለውንም «ጉንፋን» ብሎ ይገላገላል። እዚህ የማወራው ስለ ሁለተኛው ነው፦ ጠዋት ደህና የነበረውን ሰው ማታ በትኩሳት፣ በቁርጥማትና በደረቅ ሳል ስለሚጥለው ኢንፍሉዌንዛ።

አንጎል ተነካ ሲባል ሁላችንም የምንገምተው ቫይረሱ ጭንቅላት ውስጥ ገባ ብለን ነው። የሚገርመው እዚህ ላይ ነው። ሐኪሙ ከታችኛው ወገብ፣ ከአከርካሪ አጥንቶች መሀል በቀጭን መርፌ ጥቂት ፈሳሽ ይቀዳል። ይህ ፈሳሽ አንጎልን የሚያካብበው ነው። ብዙ ጊዜ እንደ ውሃ ጥርት ያለ ነው፤ ላብራቶሪ ገብቶ ሲመረመርም አብዛኛውን ጊዜ ኢንፍሉዌንዛ አይገኝበትም። ከአፍንጫው በተወሰደው ናሙና ላይ ግን ቫይረሱ አለ። ታዲያ አንጎሉን ማን ጎዳው?

የወገን ጥይት ነው። የሰውነታችን መከላከያ ሴሎች ጠላት ሲያዩ ሳይቶካይን በሚባሉ ኬሚካሎች ይጠራራሉ። ጥሪው ልኩን ሲያልፍ የደም ሥሮችን ውስጠኛ ሽፋን ይጎዳል። አንጎል ከደም ውስጥ የሚፈልገውን ብቻ የሚያሳልፍለት ጥብቅ ማጣሪያ አለው፤ እሱ ይላላል፣ ፈሳሽ ይሾልካል፣ አንጎሉም ያብጣል። ሌላ ቦታ ቢሆን እብጠት ቆዳውን ገፍቶ ይወጣ ነበር። የራስ ቅል ግን አጥንት ነው፣ አይለጠጥም።

በሽታው በብዛት የሚታወቀው በልጆች ላይ ነው። አዋቂ ላይ ብርቅ ነው፣ ችግሩም እሱ ነው፤ ብርቅ ስለሆነ ማንም አይጠረጥረውም። ሥር የሰደደ ሕመም የሌለበትን ጤነኛ ሰውም ሊይዝ ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ሳሉና ትኩሳቱ በመጣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ነው። አንዱ ይቀባጥራል፣ አንዱ ጠባዩ ይለወጣል ወይም የሌለ ነገር ያያል፣ አንዱ ደግሞ ዝም ብሎ ይተኛል፣ ስትቀሰቅሱት መልሶ ይተኛል። በሕይወቱ ተንዘፍዝፎ የማያውቅ ሰው ድንገት ተንዘፍዝፎ ሊወድቅም ይችላል። እኔን በጣም የሚያሳስበኝ የሚተኛው ነው። የሚጮኸውን ሁሉም ሰው ሐኪም ቤት ይወስደዋል፣ የሚተኛውን «ይረፍ፣ አትረብሹት» እንላለን።

ክብደቱም አንድ ዓይነት አይደለም። በቀላሉ ጫፍ፣ ሁለቱን የአንጎል ክፍሎች የሚያገናኘው ድልድይ ላይ ኤምአርአይ ትንሽ ምልክት ያሳይና ሰውዬው በቀናት ውስጥ ይሻለዋል፣ ምልክቷም ትጠፋለች። በሌላኛው ጫፍ ያለው በ1995 (እ.ኤ.አ.) ጃፓናውያን ሐኪሞች ለይተው የገለጹት ነው፤ አንጎል መሀል የሚገኙት ታላመስ የሚባሉ ሁለት እንቁላል መሳይ ክፍሎች በግራም በቀኝም እኩል ይጎዳሉ። ታላመስ ነቅተን እንድንቆይ ከሚያደርጉን ክፍሎች አንዱ ስለሆነ በሽተኛው ፈጥኖ ራሱን ይስታል። ብዙዎች ይሞታሉ፣ ከተረፉትም የመናገር ወይም የመንቀሳቀስ ችግር የሚቀርባቸው አሉ። ደጋግሞ የሚመጣባቸውና ራንቢፒ2 በሚባል ዘረ መል (ጂን) ላይ ለውጥ የተገኘባቸው ቤተሰቦችም አሉ።

«ይሄ ነው» ብሎ የሚናገር አንድ ምርመራ የለም። እዚህ የሚደረሰው ሌላውን እየሰረዙ ነው። ሳንባው ተጎድቶ ኦክስጅን አንሶት ይሆን? ስኳሩ ወርዶ ይሆን? የደሙ ሶዲየም? ማጅራት ገትር? ወባ ባለበት አገር፣ ወባው ጭንቅላቱ ላይ ወጥቶበት? ስትሮክስ? (ኢንፍሉዌንዛ የስትሮክን ዕድል ከፍ ያደርጋል፣ ይህን ብዙ ሰው አያውቅም።) ደሙ፣ ሲቲ ስካኑ፣ የወገብ ፈሳሹ፣ የአንጎልን ኤሌክትሪክ የሚለካው ምርመራ፣ ይህ ሁሉ ግርግር ለዚህ ነው። ውጤቱ እስኪመጣ ደግሞ ለባክቴሪያና ለኸርፐስ ቫይረስ መድኃኒት አስቀድመው የሚጀምሩት፣ እነዚህ ሁለቱ ከሆኑ ሰዓታት ስለሚቆጠሩ ነው።

ለኢንፍሉዌንዛው ኦሰልታሚቪር የሚባል የቫይረስ መድኃኒት ይሰጣል። በ48 ሰዓት ውስጥ ቢጀመር ይሻላል ይባላል፣ ግን አንጎሉ ተነክቷል ተብሎ የተጠረጠረ ሰው ሰዓቱ ቢያልፍበትም አይከለከልም። በነገራችን ላይ ይህ መድኃኒት ራሱ ሰው ያሳብዳል ተብሎ ተወርቶበታል፤ ጃፓን በ2007 (እ.ኤ.አ.) ለአሥራዎቹ ዕድሜ ልጆች እንዳይሰጥ አግዳ ነበር፣ በ2018 (እ.ኤ.አ.) ግን አነሳችው፤ መድኃኒቱን ያልወሰዱ የኢንፍሉዌንዛ በሽተኞችም ያንኑ ዓይነት ያልተለመደ ጠባይ ያሳዩ ነበርና። ከዚህ ሌላ ሐኪሞች የወገንን ጥይት ለማብረድ ስቴሮይድ በከፍተኛ መጠን ይሰጣሉ፤ ይህ በትልልቅ ጥናት የጸና ሕክምና ሳይሆን ከልምድ የመጣ ነው። ቀሪው የጽኑ ሕሙማን ክፍል ሥራ ነው፦ መንዘፍዘፉን ማስቆም፣ ትንፋሹን መደገፍ፣ እብጠቱን መቆጣጠር። ክትባቱ የሚጠቅመው ከሁሉም ቀድሞ ነው፤ ኢንፍሉዌንዛው ካልያዘ ይህ ሁሉ አይመጣም።

ቤት ውስጥ ሆናችሁ ከተጠራጠራችሁ «ደህና ነህ ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁት፣ አዎ ይላችኋል። ቀስቅሱትና ዛሬ ቀኑ ምን እንደሆነ፣ የት እንዳለ ጠይቁት። ከሃያ ወደ ኋላ ይቁጠርላችሁ። ከተምታታበት፣ ወይም መልስ ሳይጨርስ እንቅልፍ ከወሰደው፣ እስኪነጋ አትጠብቁ። ስትወጡም ለመጨረሻ ጊዜ በደንብ ያወራችሁት በስንት ሰዓት እንደነበር አስታውሱ። ሐኪሙ መጀመሪያ ከሚጠይቃችሁ ነገሮች አንዱ እሱ ነው፣ በሽተኛው ደግሞ ሊመልስለት አይችልም።