ፀረ-አረም በማሽላና በሌሎች የእህል ሰብሎች የሕዋስ ክፍፍል ላይ የሚያደርሰው ጉዳት

በሐረርና በድሬዳዋ ዙሪያ ዋነኛው እህል ማሽላ ነው። ማሳው ውስጥ ብዙ ጊዜ ቦሎቄ ወይም ጫት አብሮ ስለሚገኝ ቅጠለ ሰፊ አረም የሚገድለው ቱፎርዲ እንደ ስንዴ ማሳ እንደልብ አይረጭም፤ ቦሎቄውንም ይዞ ይሄዳል። ማሽላው ግን አልደረቀም ማለት አልተነካም ማለት አይደለም። ጉዳቱን ቀድሞ የሚያሳየው ሕዋሳት ሳያቋርጡ የሚከፋፈሉበት የሥር ጫፍ ነው።

ፀረ-አረሞች ክፍፍልን የሚያውኩበት መንገድ ይለያያል። ትራይፍሉራሊንና ፔንዲሜታሊን ቱቡሊን ከተባለው ፕሮቲን ጋር ተጣብቀው ክሮሞሶሞችን (በሕዋሱ ውስጥ የዘር ውርስ መረጃ የያዙትን አካላት) ወደ ሁለት ጎን የሚስቡት ክሮች እንዳይሠሩ ያግዳሉ። ክሮሞሶሞቹ እጥፍ ሆነው ሳይለያዩ ይቀራሉ፤ 20 ክሮሞሶም የነበረው የማሽላ ሕዋስ 40 ይዞ ሊገኝ ይችላል። ይህን ለማየት የግድ ማይክሮስኮፕ አያስፈልግም። ቡቃያው ሲነቀል ሥሩ አጭር፣ ጫፉ ደግሞ እንደ ዱላ ራስ ያበጠ ነው። እንደ ባቢሌ ኦቾሎኒና ማሽላ በሚዘራበት አካባቢ ኦቾሎኒው ላይ ትራይፍሉራሊን ከዋለ በኋላ ዝናብ ካጠረ መድኃኒቱ አፈር ውስጥ ቆይቶ የቀጣዩን ዓመት ማሽላ ሊጎዳ ይችላል። ሰልፎኒልዩሪያ የተባሉት ፀረ-አረሞች ግን ክፍፍሉን የሚያቆሙት የፕሮቲን መሥሪያ የሆነውን አሚኖ አሲድ በማሳጣት ነው። ስለዚህ የክፍፍል መቀነስ ብቻውን ክሮሞሶም ተሰብሯል አያሰኝም።

ለምርመራ ገብስ ይመረጣል፤ ክሮሞሶሞቹ 14 ብቻና ትላልቅ ናቸው። የማሽላ ትናንሽ ስለሆኑ የተሰበረ ክሮሞሶም በቀላሉ ከዓይን ያመልጣል። ዘሩ በራሰ ማጣሪያ ወረቀት ላይ በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይበቅላል። ሥሩ ከ1 እስከ 1.5 ሴንቲሜትር ሲደርስ ከፊሉ ፀረ-አረም ውስጥ፣ ከፊሉ ንጹህ ውኃ ውስጥ ይገባል። የተቆረጡት ጫፎች 3 እጅ ኤታኖልና 1 እጅ አሴቲክ አሲድ ባለበት ፈሳሽ 24 ሰዓት ይቆያሉ፤ ከዚያ በ60 ዲግሪ በ1 ኖርማል (የአሲዱ የብርታት መለኪያ) ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ለስልሰው፣ አሴቶካርሚን ቀለም ገብቶባቸው በሁለት መስታወት መካከል ይጨፈለቃሉ። አሲዱ ውስጥ ሳይለሰልሱ ከወጡ ሕዋሳቱ ይደራረባሉ፤ ይህን መደራረብ መርዙ ያመጣው የክሮሞሶም መጣበቅ አድርጎ መቁጠር ብዙ ውጤት ያበላሻል።

ከ1,000 ያላነሱ ሕዋሳት ተቆጥረው በክፍፍል ላይ ያሉት በመቶኛ ይሰላሉ። ሙቀትም ክፍፍልን ያፈጥናል። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ፣ ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላሉ ሙቀታቸው ይለያያል፤ ስለዚህ በክፍል ሙቀት የበቀሉትን የሁለቱን ከተሞች ናሙናዎች ማወዳደር ያሳስታል። ንጹህ ውኃ ውስጥ ያለው ማነጻጸሪያ በዚያው ክፍል፣ በዚያው ሰዓት መቆረጥ አለበት።

የሥር ጉዳት ለዘር አይተላለፍም። ለምርት የሚያሰጋው ዘለላው ገና በቅጠል እንደተጠቀለለ መርጨት ነው፤ የአበባ ዱቄት የሚሠሩት ሕዋሳት የሚከፋፈሉት ያኔ ነው። ቱፎርዲ ማሽላ ላይ የሚረጨው ቁመቱ ከ15 እስከ 30 ሴንቲሜትር ሲሆን ነው። ዘግይቶ ከተረጨ የአበባ ዱቄቱን በአሴቶካርሚን መፈተሽ ይቻላል፤ ጤናማው ሙሉ በሙሉ ይቀላል፣ መካኑ ቀለም ሳይዝ ተጨማዶ ይታያል።