ሐዘን ወይስ ሰላም? ስለ ሲምቦሊስት ሐውልቶች የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

በዋሽንግተን ሮክ ክሪክ መካነ መቃብር፣ ግራናይት ተደግፎ የተቀመጠ፣ ከራስ እስከ እግር መጎናጸፊያ የለበሰ የነሐስ ምስል አለ። ያሠራው ጸሐፊው ሄንሪ አዳምስ ነው፤ ባለቤቱ ክሎቨር እ.ኤ.አ. በ1885 ሕይወቷን አጥፍታ ነበር። ቀራጺው አውግስተስ ሴንት-ጎደንስ በ1891 ጨረሰው። እንደ ሌሎች ሲምቦሊስት (ስሜትን በቀጥታ ከመናገር ይልቅ በምልክት የሚጠቁም የጥበብ ስልት) ሥራዎች፣ ስሜቱ ሆን ተብሎ አሻሚ የተደረገ ሐውልት ነው፤ የተሳሳተ ወሬም በዝቶበታል።

«ስሙ ‘ሐዘን’ ነው።»
ይህን ስም ያወጣለት ተመልካቹ ነው። አዳምስ በ1908 ለቀራጺው ልጅ በጻፈው ደብዳቤ ማንም ስም እንዳይለጥፍበት አጥብቆ ጠየቀ። መቃብሩ ላይም ጽሑፍ የለም።

«የሟቿ ምስል ነው።»
አይደለም። ሴንት-ጎደንስ ወንዶችንም ሴቶችንም ሞዴል አድርጎ ነው የሠራው፤ ጾታው እንዳይለይ ተፈልጓል። አዳምስ የፈለገው ከቡድሃ ምስሎች የሚገኘውን የአእምሮ እርጋታ ነበር።

«ስሜቱ የማይለየው ቀራጺው ፊቱን በደንብ ስላልሠራው ነው።»
ፊቱ በጥንቃቄ ተሠርቷል። አሻሚነቱ የመጣው ከታሰበባቸው ውሳኔዎች ነው። መጎናጸፊያው ከግንባሩ ወደ ፊት ስለወጣ ዓይኖቹ ጥላ ውስጥ ይወድቃሉ፤ ሽፋሽፍቱ ወደ ታች ብሏል፤ ከንፈሩ ገጥሟል። ወደ አገጩ የተነሣው እጅ ፊቱን ስለማይሸፍን ለቅሶ አይሆንም፤ ሐሳብም ድካምም ሊሆን ይችላል። ቅንድቡ ትንሽ ቢቋጠር ኖሮ ሁሉም ነገር ባለቀ፣ ሐዘን ብቻ በሆነ ነበር። በፍላሽ የሚያነሡ ሰዎች የሚያበላሹትም ይህንኑ ነው፤ ብርሃኑ ጥላውን ሲያጠፋው ሐውልቱ ግማሽ ኃይሉን ያጣል። መጀመሪያ ፊት ለፊት ካለው የድንጋይ መቀመጫ ላይ ሆነው፣ ከዚያ ቀርበው ከመጎናጸፊያው ሥር ይመልከቱት።

«ስሜት የሚነበበው ከፊት ገጽ ብቻ ነው።»
የቤልጅየሙ ቀራጺ ጆርጅ ሚን በ1898 በነደፈው ሰው ሠራሽ ፏፏቴ ዙሪያ አምስት ተንበርካኪ ወጣቶች አሉ፤ አምስቱም አንድ ዓይነት ናቸው። አንዱን ፊት ለፊት፣ ሌላውን በጎን፣ ሌላውን በጀርባ በአንድ ጊዜ ያያሉ። ትከሻውን ያቀፈው ክንድ ከፊት ጸሎት ይመስላል፤ ከጀርባ ሲታይ ግን ብርድ ያንቀጠቀጠው ሰው ነው። ፊቱ ምንም ሳይለወጥ ስሜቱ ይለወጣል።

«እንግዲያው ማንኛውም ትርጓሜ ትክክል ነው።»
ይህም ስሕተት ነው። ለሚሉት ስሜት ከሐውልቱ አካል ላይ ማስረጃ ያሳዩ። የሮክ ክሪኩ ምስል ተቆጥቷል የሚል ሰው የተጨበጠ ጡጫ፣ የተወጠረ አንገት ወይም የተነከሰ ጥርስ ማሳየት አለበት፤ አንዱንም አያገኝም።