የትንኝ ማባረሪያ ቅባት ምንድን ነው?

ቆዳ ላይ የሚቀባው ማባረሪያ ትንኝ አይገድልም። ሥራው ትንኟ አግኝታን እንዳትነክስ ማድረግ ብቻ ነው። ታዲያ መጀመሪያ እንዴት ታገኘናለች?

የምትነክሰው ሴቷ ናት፤ ደም የምትፈልገው ለእንቁላሏ ነው። ከሩቅ የሚጠራት ትንፋሻችን፣ በተለይ በውስጡ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ስትቀርብ ከቆዳችን የሚወጣውን ላክቲክ አሲድ፣ አሞኒያና ሌላ ጠረን ትከተላለች። የገላችን ሙቀትና እርጥበት የቀረውን ይመራታል። ስለዚህ መብራት አጥፍቶ መደበቅ ብዙም አያዋጣም።

ማባረሪያው ይህን ፍለጋ ያበላሻል። በብዛት የተጠናው ዲት (DEET) የሚባለው የማባረሪያ ኬሚካል ነው። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ለወታደሮች ተሠራ፤ ከ1957 ጀምሮ ሕዝቡም ተጠቀመበት። ይህን ያህል አገልግሎ እንኳ ስለ አሠራሩ ተመራማሪዎች ገና ይከራከራሉ። አንዳንድ ዝርያዎች ሽታውን ራሱን ይሸሻሉ። ሌሎቹ ላይ ደግሞ የአንቴናቸውን የሽታ ተቀባዮች ያምታታል፣ ወይም ከቆዳችን የሚተነውን ጠረን ይቀንሳል ይባላል። እኔን በጣም የሚገርመኝ የእግሯ ነገር ነው። ትንኝ በእግሯ ትቀምሳለች። የተቀባ ቆዳ ላይ ብታርፍ እንኳ እግሯ ዲቱን ሲነካው ሳትነክስ ብድግ ትላለች።

የቅባቱ ኃይል ግን ከተቀባው ቦታ ብዙም አይርቅም። ክንዱን ተቀብቶ ቁርጭምጭሚቱን የረሳ ሰው ቁርጭምጭሚቱን ይነከሳል። እንደ ሽቶ አንገት ላይ ጠብ አድርጎ መውጣት ዋጋ የለውም።

ዕቃው ላይ የተጻፈው ፐርሰንትም ብዙ ሰው ያሳስታል። ፐርሰንቱ ሲጨምር የሚጨምረው በዋናነት የሚቆይበት ሰዓት ነው። 10 በመቶ ዲት 2 ሰዓት ገደማ፣ 25 በመቶ አካባቢ ያለው ደግሞ ወደ 5 ሰዓት ያገለግላል። ከ50 በመቶ በላይ እምብዛም ለውጥ የለም። ላብ፣ ውሃና የልብስ ፍትጊያ ሰዓቱን ያሳጥሩታል።

ዲት ፕላስቲክ ያበላሻል፤ መነጽርና ሰዓት ያለው ይጠንቀቅ። ኢካሪዲን የሚባለው ሌላው የማባረሪያ ኬሚካል ይህ ችግር የለበትም፣ ሽታውም ቀላል ነው። ከሎሚ መዓዛ ባሕር ዛፍ የሚሠራው የማባረሪያ ዘይት ከ3 ዓመት በታች ላሉ ልጆች አይመከርም። የፀሐይ መከላከያ የሚቀባ ሰው እሱን ያስቀድም፤ ማባረሪያው ከላይ ይሁን። የልጆች እጅ ላይ አይቀባ፣ ወደ አፋቸውና ወደ ዓይናቸው ይወስዱታልና። ፐርሜትሪን የሚባለው ፀረ ነፍሳት ኬሚካል ደግሞ ለልብስ ነው፤ ቆዳ ላይ አይደረግም።