ወረርሽኝ ቢመጣ ክትባት ይደርሰናል? ሰፈር ውስጥ የምሰማቸው የተሳሳቱ ነገሮችና እውነታው

አዳማ ነው የምኖረው፣ ጤና ጣቢያ ክትባት ክፍል ነው የምሰራው። ስለ ወፍ ጉንፋን (የወፎች ኢንፍሉዌንዛ ማለት ነው) ዜና በመጣ ቁጥር ቡና ላይም ባጃጅ ውስጥም የሚነሳው ነገር አንድ ነው፣ "ያ ነገር ወደ ሰው ቢዞር እኛ ክትባት እናገኛለን ወይ?" ጥያቄው በጣም ትክክል ነው፣ መልሱ ላይ ግን ብዙ የተሳሳተ ነገር ይወራል፣ የምሰማውን አንድ በአንድ ላንሳው።

"ኢንፍሉዌንዛ እኮ ጉንፋን ነው፣ ዝንጅብል ጠጥተህ ተኛ።"
አይደለም። ተራውን ጉንፋን የሚያመጡት ሌሎች ቫይረሶች ናቸው። ህዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስበን የምናጨሰው እኮ ያለ ምክንያት አይደለም፣ በ1911 ህዳር ላይ የገባው የህዳር በሽታ ማለት ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ ነው፣ ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ነው የተረፉት፣ አዲስ አበባ ላይ ብቻ በሺዎች አልቀዋል። ያኔ ክትባት ለማንም አልነበረም፣ ዛሬ አለ፣ ስለዚህ ጥያቄው ማን ቀድሞ ያገኛል የሚለው ነው።

"የማናገኘው ብር ስለሌለን ነው።"
ይሄ ግማሽ እውነት ነው፣ እና ግማሽ መሆኑ ነው የሚያሳስተን። በእ.ኤ.አ 2009 (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ኤች1ኤን1 የተባለው አዲስ ኢንፍሉዌንዛ ሲመጣ ሀብታም ሀገራት ከፋብሪካዎቹ ጋር ቀድመው ውል ነበራቸው፣ በሽታው ሳይመጣ ቀብድ እንደመክፈል በሉት። የዓለም ጤና ድርጅት ሰኔ ላይ ወረርሽኝ ነው ብሎ ሲያውጅ አብዛኛው ምርት ገና ሳይመረት ባለቤት ነበረው፣ ያን ቀን ብር ይዘህ ብትሄድ እንኳን ወረፋው መጨረሻ ላይ ነው የምትቆመው። ደግሞ ብርም ብቻውን አይበቃም፣ አሜሪካ አውስትራሊያ ካለ ፋብሪካ ያዘዘችው ክትባት የዘገየባት የአውስትራሊያ መንግስት መጀመሪያ ለኛ ህዝብ ስላለ ነው። አሜሪካ እንዲህ ከሆነች እኛን አስቡት። ፋብሪካው የቆመበት ሀገር ይቀድማል፣ ይሄን ሰው ቶሎ አይቀበለውም ግን ነገሩ እንደዛ ነው።

"ችግር የለም፣ ይለግሱናል።"
በዛው ዓመት መስከረም ላይ አሜሪካና ሌሎች ሀገራት ከክትባታቸው እንሰጣለን አሉ፣ አሜሪካ 10 ፐርሰንት ብላ ነበር፣ ከዛ ጥቅምት ላይ ምርቱ ሲዘገይ አይ መጀመሪያ የኛ ተጋላጮች ይከተቡ ተባለ። በመጨረሻ በዓለም ጤና ድርጅት በኩል ወደ 78 ሚሊዮን ዶዝ ለ77 ሀገራት ደርሷል፣ ቀላል አይደለም፣ ግን ብዙው የመጣው በ2010 ነው፣ ዋናው ማዕበል ካለፈ በኋላ፣ ነሐሴ 2010 ላይ ደግሞ ወረርሽኙ አብቅቷል ተባለ። የዘገየ ክትባት ፍሪጅ ውስጥ ይገባል እንጂ የሞተውን አይመልስም። ልገሳ ማለት ክትባቱ ብቻም አይደለም፣ ስሪንጅ፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ የሚይዝ ፍሪጅ፣ መብራት ሲጠፋ የሚነሳ ጄኔሬተር፣ ገጠር ድረስ የሚሄድ መኪና፣ ይሄ ሁሉ ካልተሟላ ክትባቱ ሰው ጋ አይደርስም።

"የሚልኩልን ሙከራ ነው፣ እነሱ የማይወጉትን ነው።"
ይሄን በኮቪድ ጊዜ በየቀኑ ነበር የምሰማው። መጋቢት 2021 ላይ በኮቫክስ (የኮቪድ ክትባት ለሀገራት ያከፋፍል በነበረው ዓለም አቀፍ ፕሮግራም) ወደ 2.2 ሚሊዮን ዶዝ አስትራዜኒካ ሲመጣ ህንድ የተመረተ ነበር፣ ያው የእንግሊዝ ሰው ሲከተበው የነበረው አይነት። እውነተኛው ችግር ሌላ ነው፣ ህንድ የራሷ ህዝብ ሲታመም ኤክስፖርት አቆመች፣ እናቴ አንደኛውን ዶዝ ወስዳ ሁለተኛውን ስትጠብቅ መቼ ነው ትለኝ ነበር፣ እኔ ክትባት ክፍል እየሰራሁ መልስ አልነበረኝም። በኋላ ላይ ደግሞ ለአፍሪካ ይላክ የነበረው ብዙው ኤክስፓየር ዴቱ የቀረበ ነበር፣ ናይጄሪያ በ2021 መጨረሻ ከ1 ሚሊዮን በላይ ዶዝ አስወግዳለች። በዚህ መናደድ ትክክል ነው፣ ሙከራ ነው ማለት ግን ውሸት ነው፣ እና ሰው ያስገድላል።

"ድሃ ሀገር ምንም መደራደሪያ የለውም።"
አለው፣ ቫይረሱ ራሱ። ክትባት ለመስራት ናሙና ያስፈልጋል። ኢንዶኔዥያ የወፍ ጉንፋን ናሙና ትልክ ነበር፣ ከዛ በሷ ቫይረስ አንድ የውጭ ካምፓኒ ክትባት እየሰራ እንደሆነና ለሷ ህዝብ ግን ዋስትና እንደሌለ ስታውቅ በ2007 አልልክም አለች። ብዙ ተወቀሰች፣ አደገኛም ነበር፣ ክትትሉን ያዳክማል። ግን ከዛ ጭቅጭቅ ነው በ2011 አዲስ ስምምነት የወጣው፣ ሀገራት ናሙና ያጋራሉ፣ ካምፓኒዎች ደግሞ በወረርሽኝ ጊዜ ከሚያመርቱት ወደ 10 ፐርሰንት ለዓለም ጤና ድርጅት እንዲደርስ ይፈርማሉ። ትንሽ ነው፣ ግን ልመና ሳይሆን ውል ነው።

"እኛ ክትባት መስራት የት አውቀን።"
ከአዳማ በፍጥነት መንገዱ ወደ ቢሾፍቱ ሂዱ፣ እዛ ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት አለ፣ ለዶሮ፣ ለከብት፣ ለበግ ክትባት እያመረተ ለሌሎች የአፍሪካ ሀገራትም ይሸጣል። የሰው ኢንፍሉዌንዛ ክትባት ደግሞ አብዛኛው እስካሁን የሚመረተው በዶሮ እንቁላል ውስጥ ነው፣ ቫይረሱ ከታወቀ እስከ መጀመሪያዎቹ ዶዞች ከ5 እስከ 6 ወር ለመፍጀቱም አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። የሰው ክትባት በጣም ጥብቅ ነው፣ የእንስሳውን ፋብሪካ ገልብጦ አይሆንም፣ ግን ከዜሮ አይጀመርም። የጎደለው በየዓመቱ የሚገዛ ሰው ነው፣ ፋብሪካ ወረርሽኝ እየጠበቀ ቆሞ አይኖርም፣ በየዓመቱ ለሽማግሌዎች፣ ለነፍሰ ጡሮችና ለጤና ሰራተኞች የሚሰጠውን እያመረተ ነው የሚኖረው። እኛ ጋ ይሄ ክትባት መደበኛው ፕሮግራም ውስጥ የለም፣ እኔ ራሴ ስንት ሺህ ሰው ከትቤ የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ግን ወስጄ አላውቅም።